መጨረሻውን የሚነግሩን እትዬ ስርጉት

መጨረሻውን የሚነግር ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን እስካሁን አልተቆረቆረም። ውኃ የሌለው ከተማ አለ፤ መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ የሚሄድበት ከተማም አለ። የትናንቱ ኳስ ጨዋታ በድጋሚ ሲታይ ከኋላ ተቀምጦ «ቆይ፣ ይህቺን ይስታታል» የሚል ሰው የሌለበት ግን ፈልጌ አጥቻለሁ። ሰውየው ክፋት የለበትም። እንዲያውም የሚያስቸግረው ደግነቱ ነው፤ ያወቀውን ለብቻው መያዝ ይጨንቀዋል።

የቢቸናዋ እንደራሴ ክብርት ወይዘሮ ስርጉት ናቸው። «ክብርት» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሿሚ እስኪመጣ ብንጠብቅ የእሳቸውም የእኔም ዕድሜ አይበቃም። ከወጣት ማዕከሉ ጎን ያለችውን የታዳጊዎች ቤተ መጻሕፍት ይዘዋል። ቤተ መጻሕፍት ስል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ፑል ይጫወታሉ፤ ኳስ በተጋጨ ቁጥር ከወዲህ የሚያነቡት ልጆች መስመር ይጠፋቸዋል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ መጽሐፍ መርጦ ይቀርባል። እትዬ ስርጉት መጽሐፉን ያቀብሉታል፤ ግን አይለቁትም። ልጁ በአንዱ ጫፍ፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ እንደያዙ «ልብህ እንዳይንጠለጠል ልንገርህ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጆሮ መድፈን ዋጋ የለውም፤ ድምፃቸውን እንኳን መዳፍ ግድግዳም አያግደው። ማን ማንን እንዳገባ፣ የጠፋችው ላም የት እንደተገኘች፣ ሌባው ማን እንደሆነ ሰምቶ ይወጣል።

ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ አንድ የጤና መኮንን ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ተውሶ፣ ከበሩ ሳይርቅ ተመልሶ መጣ።

«እትዬ፣ ገዳዩን እኮ ነገሩኝ» አላቸው።

«ታዲያ አሁን ተረጋግተህ አታነበውም?»

«ከእንግዲህ ምኑን ላንብበው?»

«ስማኝ የኔ ልጅ። የስቅለትን ታሪክ መጨረሻ የማያውቅ ማን አለ? በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ሕፃኑም ያውቃል። በየዓመቱ ግን ወገባችን እስኪቆረጥ እንሰግዳለን።»

መኮንኑ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ሆኖም መጽሐፉን መልሶ ወሰደው።

ቴሌቪዥን ላይም እንዲሁ ናቸው። ገና ያላለቀ ተከታታይ ድራማ መጨረሻ ለጎረቤት ሁሉ ተናግረው፣ ከወራት በኋላ እንዳሉት ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ደራሲዎቹ ሳይጽፉ በፊት ቢቸና ደውለው ይጠይቃሉ የሚል ሐሜት አለ። እኔ የአማርኛ መምህር ብሆንም እኔንም አልማሩኝም። ባሕር ዳር ሄጄ ገዝቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በጓሮ በር ያስገባሁትን መጽሐፍ እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ገበያ መሀል አግኝተውኝ «ወንዙን ተሻገሩ? ገና ከሆንክ አይዞህ፣ ይሻገራሉ» ብለው ሽንኩርታቸውን ይዘው አለፉ።

አሁን ስለ ተሸላሚ መጻሕፍት ላውራ። ለታዳጊዎች ተጽፎ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ወርቃማ ክብ ምልክት ይለጠፍበታል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት አለው። በአስተማሪነቴ እንዳስተዋልኩት ከሆነ ይህ ክብ ያለበት መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሳይሞት አይቀርም። በመጀመሪያው ምዕራፍ እናትየዋ፣ መሀል ላይ ውሻው፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ አንባቢው ከሁሉ አብልጦ የወደደው። ሸላሚዎቹ ልጅ ሳያስለቅሱ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች አይመስሉኝም።

እትዬ ስርጉት የእነዚህን መጨረሻ ሲነግሩ ግን ማንም አይሞትም። ሁሉም ትንሽ ያማቸውና ይሻላቸዋል። በሌሎቹ መጻሕፍት ስንዝር የማይስቱ ሴት ክብ ያለባቸው ላይ ሲደርሱ እንዲህ ሲሉ ስሰማ፣ እነዚህን ጨርሰው አያነቧቸውም ብዬ ደመደምኩ። በሰው ላይ ቶሎ መደምደም የመምህርነት በሽታ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን በቢቸናና በሞጣ ታዳጊዎች መካከል የንባብ ውድድር ተዘጋጀ። ለውድድሩ የተመረጠው አንድ ተሸላሚ መጽሐፍ ነው። አሸናፊው ከተማ አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ አዳዲስ ተሸላሚ መጻሕፍት ያገኛል። የመጽሐፉን ስም አልጠራም፤ ያላነበባችሁት ትኖራላችሁ፣ እኔ ደግሞ ወይዘሮ ስርጉት አይደለሁም። ስሙን ከደበቅሁ ታሪኩን ብነግራችሁ ግን አትቀየሙኝም። የአንዲት ልጅና የወንድሟ ታሪክ ነው። ወንድምየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሄደበት አገር ሁሉ ለእህቱ አንድ አንድ ጠጠር ያመጣላታል።

ለቢቸና የደረሰው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቻችን በተራ አነበቡት። የመጨረሻውን ተራ የወሰደችው ጸደንያ ናት። ጸደንያ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ እየሄደች ስታነብ ባጃጅ ጥሩንባ ነፍቶ ከመንገድ አያስለቅቃትም። ታላቅ ወንድሟ የኔሰው አይሱዙ ይነዳል፤ ከቢቸና ጤፍ ጭኖ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይመላለሳል። መጽሐፉን የወደደችው ለዚህ መሆኑን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። በእረፍት ሰዓት ስለ መጽሐፉ ወንድም ስታወራ የእሷ ነው ወይስ የደራሲው ነው እያልን እንጠይቃት ነበር።

አውቶቡስ ስንሳፈር የቀራት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እሱን መንገድ ላይ ልትጨርስ ነበር። መጽሐፉን ግን አብረውን የሚጓዙት እትዬ ስርጉት ተቀብለዋት ዘንቢላቸው ውስጥ ከተዋል። እኔና የጉዟችን አስተባባሪ አቶ ገላው ከኋላቸው ተቀምጠን ሁሉንም ሰምተናል።

«እትዬ፣ መጽሐፉን ይስጡኝ።»

«መኪና ላይ ማንበብ ያዞራል።»

«እኔን አያዞረኝም። አንድ ምዕራፍ እኮ ነው የቀረኝ።»

እትዬ ስርጉት ዘንቢሉን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉት። «ልብሽ እንዳይንጠለጠል ልንገርሽ። መኪናው ይገለበጣል። ወንድሟ ግን እግሩን ትንሽ ተጎድቶ ይተርፋል። ሆስፒታል ይተኛል፣ ይሻለዋል፣ ወደ ቤቱ ይመጣል። ጠጠሩንም ይዞላት ይመጣል።»

«ተመስገን» አለች ጸደንያ። ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እስከ ሞጣ ተኛች።

ሞጣዎች እንግዳ መቀበል ያውቁበታል፤ በደንብ አብልተው በደንብ ያሸንፉሃል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሊያዩ ከፊት ተቀምጠዋል። የዳኞቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ጥያቄ የሚደርሰው በዕጣ ነው፤ ለጸደንያ የደረሳት «የመጨረሻውን ምዕራፍ በራስሽ አንደበት ተርኪልን» የሚል ሆነ። አቶ ገላው ጉልበቴን መታ አደረገኝ። ካርቶኑ የእኛ ነው ማለቱ ነው።

ጸደንያ ድምፅ ማጉያውን ያዘችና ተረከችው። መኪናው ሲገለበጥ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ወንድምየው በክራንች እየተደገፈ ከደጅ ሲደርስ፣ ከኪሱ ጠጠሩን ሲያወጣ፣ እናቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እትዬ ስርጉት ከነገሯትም አሳምራ ነገረች። ጭብጨባው ሳያልቅ ከሞጣ ተወዳዳሪዎች አንዷ፣ ብሩክታይት የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ፣ እጇን አወጣች። ማረም በደንቡ ይፈቀዳል።

«የተሳሳተ ነው» አለች በራሷ ድምፅ ማጉያ። «ወንድሟ አልተመለሰም። እዚያው ገደሉ ውስጥ ሞቷል። ጠጠሩን ያመጣላት ረዳቱ ነው።»

ጸደንያ ወደ ብሩክታይት አልዞረችም። ያየችው እትዬ ስርጉትን ነው። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያን ጊዜ ልጅቱ ገባት፤ ድምፅ ማጉያውን ከአፏ ማንሣት ረስታ ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶው በአዳራሹ አራት ማዕዘን ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሌላ አገር ታገኙት እንደሆነ አላውቅም። ከፊት ከተቀመጡት አንዲት የሞጣ እናት ብድግ ብለው ብሩክታይትን ተቆጧት። «አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

«ልጅቱ የተናገረችው እኮ ትክክል ነው» አሉ መሪጌታ ወልደ ኪዳን።

«ትክክል አይደለም መች አልኩ፣ የኔታ። በሰው ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ሳይኖር ይነገራል ወይ ነው ያልኩት።»

ደንቡ ግን ደንብ ነውና ካርቶኑ ለሞጣ ሆነ። ስንመለስ አቶ ገላው ከደብረ ወርቅ በኋላ «ካርቶኑ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጸደንያ ከሾፌሩ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቢቸና ስንደርስ ከእትዬ ስርጉት ፊት ቆማ «ዋሹኝ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጠችም። በዚያ በኩል ማለፍም ትታ በገበያው ዞራ ትሄድ ጀመር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የእሷ መቅረት አይደለም፤ ልጅ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። እትዬ ስርጉት መጨረሻ መናገር አቆሙ። ልጆች መጽሐፍ ይዘው ይቀርባሉ፣ እሳቸው አቀብለው ይለቃሉ። አንዱ ልጅ ግራ ገብቶት «አይነግሩኝም?» ቢላቸው «አንብበው» አሉት። ለዓመታት በእሳቸው ያልተማረረ የቢቸና ሰው የለም፤ አሁን ደግሞ ዝምታቸውን አልቻልነውም። የጤና መኮንኑ ሳይቀር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ሴትየዋን አሟቸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የጀመርኩት መጽሐፍ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ በራቸው ላይ ተመላልሼ ምንም ሳይሉኝ ሲቀሩ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ።

በመጨረሻ እሳቸው መጡ። መምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ቆመው «መምህር፣ የማስቸግርህ ጉዳይ አለኝ» አሉኝ። አቆይቼ የሆዴን ጠየቅኋቸው።

«የዚያን መጽሐፍ መጨረሻ አላነበቡትም ነበር አይደል?»

«ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ክብ ያለባቸውን ሁሉ ጨርሼ ነው የማነባቸው። አልቅሼ ነው የምከድናቸው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሏት?»

«የዚያን ቀን የኔሰው መንገድ ላይ ነበር። ጤፉን ጭኖ ከፊታችን ሄዷል፤ የሄደውም እኛ በምንሄድበት መንገድ ነው። የሾፌር እህት መኪና ውስጥ አስቀምጬ፣ ገደል ገደሉን እያየች፣ ሾፌሩ ሞተ ልበላት? ሟርት ነው። አፌስ እንዴት ይላል?»

«መጽሐፍ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እሷ ያለቀሰችው መጽሐፍ ነው ብላ ነው?»

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ስንመለስ ቤቷ ገብታ፣ እናቷ አጠገቧ ሆና ልነግራት ነበር። የሞጣዋ ልጅ ቀደመችኝ። መርዶው በወጉ አልተነገራትም። በወጉ ይነገራት። አንተና ገላው አብራችሁኝ ሁኑ።»

ወጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ሳይበተን፣ የሚይዝና የሚደግፍ ቆሞ ነው የሚነገረው። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችን ወደ ጸደንያ ቤት ሄድን። አቶ ገላው ኮቱን ለብሷል። እትዬ ስርጉት ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው መጽሐፉን በብብታቸው ይዘዋል። አንድ የዲግሪ ምሩቅ፣ አንድ የመንግሥት ባለሙያና አንዲት ክብርት ሆነን፣ ሾፌር ልጇ መንገድ ላይ ያለባትን እናት በር በማለዳ ስናንኳኳ ምን እንደምንመስል ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

በሩን የከፈቱት የጸደንያ እናት ወይዘሮ ውበቴ ናቸው። እኔን አዩ፣ አቶ ገላውን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «የኔሰው» አሉ። ከዚያ ጮኹ።

«አይደለም፣ ውበቴ፣ የመጽሐፉ ነው፣ የመጽሐፉ ወንድም ነው» ይላሉ እትዬ ስርጉት። ያ ግድግዳ የማያግደው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሚ አጣ። ጎረቤት በየአጥሩ ቀዳዳ ገባ። አንዷ ደረቷን እየመታች፣ ሌላዋ ንፍሮ ጣጂ ብላ ልጇን እየላከች ደረሰች። ጸደንያ ከጓዳ ወጥታ እናቷን መሬት ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

ስልኩ ጠራ። ግቢው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። እንደገና ደወለች። ለመጽሐፍ ሰው መርዶ ልናገር የመጣሁት እኔ ያን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው በልቤ ረገምኩት። እትዬ ስርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አቤት» አለ የኔሰው፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «ምነው በጠዋቱ? ባሕር ዳር ነኝ፣ ገና አልነቃሁም።»

ወይዘሮ ውበቴ ስልኩን ነጥቀው ልጃቸውን እስኪጠግቡ ሰደቡት። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ጸደንያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ወደ እትዬ ስርጉት ሄደች።

«እንኳን አውቶቡሱ ላይ አልነገሩኝ» አለቻቸው ቀስ ብላ።

ንፍሮው ተጥዷልና አይደፋም ተባለ። ሰው ከተሰበሰበም አይቀር፣ እትዬ ስርጉት ቆመው በወጉ አረዱ፤ የመጽሐፉ ወንድም ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን፣ ጠጠሩን ረዳቱ ማምጣቱን ተናገሩ። ጸደንያ መጽሐፉን ተቀብላ የመጨረሻውን ምዕራፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ንፍሮ እየበላን ሰማናት። ሾፌር የሌለው ቤት በዚያ ሰፈር ጥቂት ነው፤ ከልቡ ተለቀሰለት። አንዲት ሴትዮ ስንወጣ የሟቹን የአባት ስም ጠየቀችኝ።

እትዬ ስርጉትን እወዳቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ባልደብቀው ይሻላል። ዓለም መጨረሻውን በድምፅ ማጉያ ለመንገር የሚቸኩል ሰው ሞልቶታል፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ የሰሚውን ጉልበት የሚያዩ ሰው ናቸው።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበርኩ። ጸደንያ ገባች፤ ከመደርደሪያው ወርቃማ ክብ ያለበት መጽሐፍ መርጣ አመጣች። እትዬ ስርጉት ተቀብለው መልሰው አቀበሏት፤ ግን አልለቀቁትም። ሁለቱም ጫፍና ጫፉን እንደያዙ ቆሙ።

«የኔሰው የት ነው?» አሏት።

«ትናንት ማታ ገብቷል። ቤት ተኝቷል።»

እትዬ ስርጉት መቀመጫ ሳቡላት።

«እንግዲያው ተቀመጪ፤ ልንገርሽ» አሏት።